የዳልተኖች ድንጋይ፣ ወዲህና ወዲያ

አትራክታ ኪገን ያላገባችው በመቃብር ምክንያት ነው። እጮኛዋ ሞቶባት እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ዛሬም ሎንግፎርድ ውስጥ ትራክተሩን እየነዳ፣ ቦርጩን እያሳደገ ይኖራል፤ ፊንታን ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር፣ በአየርላንድ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ በበጋ ወራት አንድ የመቃብር እሁድ አለው። ያን ዕለት ቤተሰብ ሁሉ በየሙታኑ አጠገብ ይቆማል፤ ቄሱ በመካከል እየተዘዋወሩ ጠበል ይረጫሉ፤ ከዚያ ሻይና ሳንድዊች ይከተላል። ሰው ያልቆመበት መቃብር ያን ቀን እንደ ወለቀ ጥርስ ከሩቅ ይታያል። ታዲያ የፊንታን አጥቢያና የእኛ አጥቢያ የመቃብር እሁዳቸው አንድ ቀን ላይ ይውላል። ፊንታን ቀለበቱን ከማውጣቱ በፊት፣ «እንግዲህ ከተጋባን በኋላ ከእኔ ሰዎች ጋር ነዋ የምትቆሚው» አላት። አትራክታ ሻይዋን ጨረሰች፤ ኮቷን ለበሰች፤ «እንግዲያው ሌላ ሴት ፈልግ» ብላው ወጣች።

አሁን ደግሞ ዋናውን ጉድ ስሙ። ልትቆምበት የፈለገችው መቃብር የዘመዶቿ እንኳ አልነበረም!

እኔ ኡና ነኝ፤ ከአትራክታ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ እኖራለሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ መኪና እነዳለሁ፤ ጉርብትናችን በዚህ ተከፋፍሏል። መንደራችን ኪልማሃን ትባላለች፤ ዌስትሚዝ አውራጃ ውስጥ ናት። ቤተ ክርስቲያን፣ መድኃኒት ቤት፣ ሁለት መጠጥ ቤት፣ ከበታቹ ሐይቅ ያለው መቃብር፣ በቃ ይኸው ነው። አትራክታ ዕድሜዋን በሙሉ በከብት ገበያው ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ገበሬ ጊደሩን ሸጦም ሳይሸጥም ከእሷ ዘንድ ይገባል። እሷም ትሪውን ይዛ ትቆምና «ምን ይምጣልህ?» ከማለቷ በፊት «ከማን ወገን ነህ?» ትላለች። ወገኑን በደንብ ያልተናገረ ድንች ይቀነስበታል። አንድ ጊዜ ከደብሊን የመጣ ተቆጣጣሪ የአያቱን የትውልድ ቦታ ስላላወቀ ሾርባው ቀዝቅዞ እንደቀረበለት በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ የሰው ዘር መቁጠር ለእሷ ጨዋታም ሥራም ነበር ማለት ነው።

ወደ መቃብሩ ልመለስ። ዳልተኖች የሚባሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ድሮ፣ በአትራክታ አያት በኦነር ዘመን። ወንዶቹ ልጆች አንድ በአንድ ወደ አርጀንቲና ሄዱ፤ በዚያን ጊዜ ከእኛ አካባቢ ሰው ለበግ እርባታ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ቤሲ የምትባለው ልጅ ግን እናቷን ስታስታምም ቀረች። እናትየው ስትሞት ቤሲ ጥሩ ድንጋይ አቆመችላትና እሷም ወንድሞቿን ተከትላ ልትሄድ ተነሣች። በመቃብሩ በር ላይ የጓደኛዋን የኦነርን እጅ ይዛ፣ «የእናቴ መቃብር ሰው አይጣ» አለቻት። ኦነርም «እኔ እያለሁ አያጣም» አለች።

ኦነር ዕድሜ አልሰጣትም። በዚያ በክፉው ጉንፋን ዘመን ስትሞት ልጇ ዊኒ ገና ትንሽ ነበረች። ዊኒ ከእናቷ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመቃብር እሁድ እናቷ እጇን ይዛት የምትቆምበት ቦታ፣ ስሙ ከተቀረጸበት ከዳልተኖች ድንጋይ ፊት። ስለዚህ ዊኒ ስታድግ እዚያው ቆመች። የዊኒ ልጅ አትራክታም እዚያው ቆመች። በወጣትነቷ ፊንታንን ትታ የቆመችው እዚያ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ አለ። የኦነር የገዛ እናትና አባት፣ ሊናሞች ይባላሉ፣ እነሱም በአሮጌው የመቃብሩ ክፍል ተቀብረዋል። ግን ድሆች ስለነበሩ ድንጋይ አልቆመላቸውም፤ ኦነርም ሳታሳይ ሞተች። ቦታቸው ጠፋ። አትራክታ በየዓመቱ ከዳልተኖች ድንጋይ ፊት አበባ ስትተክል፣ «የሰው ሙታን ስንጠብቅ የራሳችንን ጣልን» ትል ነበር። ትልና ትተወዋለች፤ የሆዷን ሆዷ ያውቀዋል።

አሠራሯን ማየት ነበረባችሁ! ከእሁዱ በፊት ባለው ሳምንት መንደሩ በሙሉ መቃብር ላይ ነው። ማጨጃ ይጮኻል፤ የሽቦ ብሩሽ ይፋጫል፤ ሰው የጎረቤቱን ጠጠር ነጭነት በዓይኑ ይለካል። አትራክታ የዳልተኖችን ድንጋይ እንደ ድስት ታሽው ነበር። ቀይ አበባ ትተክላለች፤ ነጭ ጠጠር ታፈሳለች። ሲደክማት ከመቃብሩ ግርጌ ካለች አንዲት ያልተጠረበች ድንጋይ ላይ ፔርሙዟን አስቀምጣ፣ አንዳንዴም ራሷ ቁጭ ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። ከዳልተኖች ድንጋይ ጀርባ እስከ ግንቡ ድረስ ያለው ሳማ ነው። መቃብር ቆፋሪያችን ማላኪ እዚያ ማጨጃ አስገብቶ አያውቅም። «ማንም ለሌለበት ሳማ ነዳጅ አላቃጥልም» ይላል።

እንግዲህ ያለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ማብቂያ አትራክታ ከሐኪም ስትመለስ እኔው ነበርኩ የምነዳው። ዳሌዋ ይቀየር ተብሏል። እስከ ግማሽ መንገድ ዝም አለች። አትራክታ ዝም ስትል መኪናው ራሱ ይከብዳል።

«ምን አለሽ ደግሞ?» አልኳት።

«ኡና፣ እኔ ከተኛሁ እዚያ ማን ይቆማል?»

«ወንድምሽስ?»

«ወንድሜ ከእናትና አባታችን ዘንድ ነው የሚቆመው። ሰውዬውን ለሁለት ልሰንጥቀው? ልጆቹ እንደሆነ አንዱ ፐርዝ፣ አንዱ ቫንኩቨር።»

«እኔ እቆማለሁ።»

«አንቺ የራስሽ ሙታን አሉሽ። ደግሞ አንቺ ስትቆሚ ትቁነጠነጫለሽ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«አንድ ዳልተን እፈልጋለሁ» አለች። «አንድ ብቻ። ትንፋሽ ያለው። አንድ ዳልተን መጥቶ በቤሲ እናት መቃብር ላይ ሲቆም ካየሁ፣ የአያቴን ቃል ፈጸምኩ ማለት ነው። ከዚያ ዳሌዬን ይቁረጡት፣ ይስቀሉት፣ እንደወደዱ።»

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። እኔም በደስታ ዘልዬ ገባሁበት። በዚህ ዘመን ዘመድ የሚፈለገው በምራቅ ነው ብዬ የዘር መመርመሪያውን ዕቃ በፖስታ አስመጣሁ። ብልቃጥ ትሞያለሽ፣ ትልኪያለሽ፣ እነሱ መርምረው ዘመዶችሽን ይነግሩሻል። አትራክታ በእኔ ማዕድ ቤት ቁጭ ብላ ብልቃጡን አፏ ላይ ያዘች። ጠብ አልል አለ።

«የሚጣፍጥ ነገር አስቢ» አልኳት። «የእኔን የፖም ኬክ አስቢ።»

«እሱን አስቤ ነው የደረቀው።»

በመጨረሻ ሞላና ላክነው። ከፖስታ ሳጥኑ ስንመለስ አትራክታ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ኡና።»

«አቤት።»

«እኔ ዳልተን ነኝ እንዴ?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ የእኔ ምራቅ ዳልተኖችን ከየት ያውቃቸዋል?»

መንገድ ላይ ቆመን ተያየን። የሳቅነውን ሳቅ ላሞቹ እንኳ ቀና ብለው አዩት።

ግን አያችሁ፣ ያ ሞኝነት ባዶውን አልቀረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አትራክታ አራት መቶ የሚሆን ዘመድ አላት የሚል መልስ መጣ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አሜሪካ ያሉ። «ሰላም የአክስቴ ልጅ!» የሚል መልእክት እንደ በረዶ ወረደብን። አንዱ ግንብ ቤት አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዷ የውሻዋን ፎቶ ልካ አፍንጫው ወደ እናንተ አይሄድም ወይ ትላለች። አትራክታ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን መረመረችና፣ «ወደ ወንድሜ ይሄዳል» አለች።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዋንዳ የምትባል የኦሃዮ ሴት ወጣች። ዋንዳ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው፤ የሰው ዘር ስትፈልግ መብላት ትረሳለች። አትራክታ በስልክ የልቧን ነገረቻት።

«በድንጋዩ ላይ ማን ማን ይላል?» አለች ዋንዳ።

«ጋሬት ዳልተንና ሚስቱ ማርሴላ።»

«በቃ፣ ይገኛሉ። የእናንተ ሰው ባሕር ቢሻገርም ስም አይቀይርም። የመጀመሪያ ልጅ የአባትን አባት ስም፣ ሴቷ የእናትን እናት፣ እንዲያ ነው አይደል? ጋሬትና ማርሴላን አርጀንቲና ውስጥ ልፈልግ።»

ዋንዳ በሳምንቱ ደወለች። ሜርሴዴስ ከሚባል ከተማ አጠገብ አንድ ጋሬት ዳልተን አለ፤ እህቱ ማርሴላ ትባል ነበር፤ ራሱ ከብት አርቢ ነው፤ ኮርማው ተሸልሞ ስልክ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ከኮርማው ፎቶ ሥር ተጽፏል። አትራክታ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዘችው አንድ ነገር ነው።

«ምን ዓይነት ኮርማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች ዋንዳ።

«ቀይ ነው ጥቁር?»

«ጥቁር።»

አትራክታ በይሁንታ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ጨዋ ሰው እንደሆነ በዚያው ተረጋገጠላት።

አሁን የቋንቋ ነገር መጣ። እኛ ስፓኒሽ ከየት አምጥተን? መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ቴሬዚኛ የምትባል ብራዚላዊት ትሠራለች። ብራዚል ስፓኒሽ እንደማይናገር እሷ ደጋግማ ነገረችን፤ እኛ ግን ከእኛ ይሻላል ብለን ለመንናት። አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ ጭር ሲል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን፣ ባንኮኒው ላይ ከሳል መድኃኒቱ አጠገብ አስቀምጠን ደወልን። አንድ ሽማግሌ አነሣ። ቴሬዚኛ ላቧ እስኪወርድ አወራች። አየርላንድ አለች፤ ዳልተን አለች፤ መቃብር አለች፤ እጇን እያወናጨፈች ጠበል መርጨት ጭምር አሳየች፤ በስልክ! ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በእኛው በኪልማሃን ዜማ፣ አያቶቻችን ይናገሩት በነበረው በዚያ በጥንቱ፣

«እንደምን ሰነበታችሁ? እኔን የምትሹኝ እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» አለ።

ቴሬዚኛ ወንበር ፈለገች። እኔ አፌን ያዝኩ። አትራክታ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና፣ «የኦነር ሊናም የልጅ ልጅ ነኝ» አለች።



«ኦነር» አለ ሽማግሌው። «የቤሲ ኦነር?»

ቤሲን ያውቃት ነበር! የአያቱ እህት ናት፤ አላገባችም፤ በእነሱ ቤት ኖራ ልጆቹን ሁሉ ያሳደገች እሷ ናት። እሱንም እስከ ጉርምስናው ድረስ የቀጣችው፣ ያበላችው፣ በዚያ ዜማ እንዲናገር ያደረገችው እሷ ናት። «እናንተን በስማችሁ ነው የማውቃችሁ» አለን። አትራክታ የመቃብር እሁዱን ቀን ነገረችው። «ሴት ልጄን ልጠይቃት» አለ። በነጋታው ትኬት ቆርጠዋል።

ከእሁዱ በፊት ባለው ዓርብ ደረሱ። ጋሬት ዳልተን ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ቆቡ ጠፍጣፋ። ከከብት ገበያው አጥር ተደግፎ ቢቆም ከእኛ ሰው የሚለየው የለም። ልጁ ኢኔስ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሳቂታ። አትራክታ በሩን ከፍታ አየችውና፣ «የዳልተን ጆሮ የሚሉት ይኸው ነው» አለችው። አይታቸው አታውቅም እኮ! ሰውየው ግን ጆሮውን ነካ አድርጎ፣ «ቤሲም እንዲሁ ትል ነበር» አለ።

ሻይ ቀረበ፤ የአሳማ ስጋ ሳንድዊች ቀረበ፤ አትራክታ ስለ ኮርማው ብዙ ጠየቀች። ከዚያ መታገስ አቃታት። «ኑ፣ ላሳያችሁ» አለች።

ያን ሳምንት ሠርታ ያዘጋጀችውን ልንገራችሁ። ዳሌዋ እየጮኸ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ አጥባለች። አዲስ ጠጠር፤ እኔው ነኝ በመኪና ያመጣሁት። አበባው ቀዩም ነጩም። የሦስት ትውልድ ሥራ ልታስረክብ ነው፤ ከመኪናው ወርዳ ከዘራዋን ይዛ ስትሄድ እንደ ሙሽራ እናት አንገቷ ቀጥ ብሏል። ማላኪ ማጨጃውን አጥፍቶ ቆቡን አነሣ።

ከድንጋዩ ፊት ደረስን። አትራክታ እጇን ዘረጋች።

«ይኸው» አለች። «የቤሲ እናት። አንድም ዓመት ሰው አጥታ አታውቅም።»

ጋሬት ቆቡን አወለቀ። ስሙን አነበበ፤ የራሱን ስም ማለት ነው። አማተበ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አበባውን አለፈ። ጠጠሩን አለፈ። ድንጋዩን ዞረና ያን በመሰለ ንጹሕ ሱሪው ሳማው ውስጥ ገባ። ከድንጋዩ ጀርባ፣ ሳማ እስከ ወገቡ ድረስ ውጦት፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆመ። ኢኔስም ያለ ምንም ጥያቄ ተከትላው ገባች፤ «አይ! አይ!» እያለች፣ ሳማው እየለበለባት።

«እዚያ ምን አለ?» አለች አትራክታ። «ጌታዬ፣ በዚህ በኩል ነው!»

«አይደለም» አለ ጋሬት በጣም በትሕትና። «የእኛ ሰው ከድንጋዩ በስተጀርባ ነው የሚቆመው።»

«ጽሑፉ እኮ በዚህ ነው!»

«ጽሑፉ ለመንገደኛ ነው፤ በሩ በዚያ በኩል ስለሆነ። ሰዎቹ ያሉት በዚህ በኩል ነው። ቤሲ ይህን ሳታስተምር ውላ አታውቅም። አገራችን ባለው መቃብራችንም እንዲሁ ከጀርባ ነው የምንቆመው፤ ሜርሴዴስ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅብናል። ‹ዳልተን ከድንጋዩ ጀርባ ይቆማል› ትለን ነበር፤ ‹ፊት ለፊቱ የእኛ አይደለም።›»

አትራክታ በከዘራዋ ላይ ተደገፈች። ማላኪን አየችው። ማላኪ ትከሻውን ሰበቀና ማጭድና የብረት ዘንግ ይዞ ገባ። ሳማውን ሲጥለው፣ ሲጥለው፣ ከድንጋዩ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚይዘውን ያህል ርቆ አፈሩን ሲወጋ የብረት ዘንጉ ቀጭ አለ። አፈሩን በእጁ ጠረገ። ትንሽ የግርጌ ድንጋይ፤ በላይዋ ላይ የዳልተን የመጀመሪያ ፊደል።

«እውነቱን ነው» አለ ማላኪ። «እዚህ ነው ያሉት።»

 አትራክታ ቀስ ብላ ሄዳ በዚያች ባልተጠረበችው ድንጋይዋ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ነጣ።

«ሦስት ትውልድ» አለች። «ሦስት ትውልድ አበባውን በወዲህ፣ ሳማውን በነሱ ላይ። ኡና፣ ፊንታንን የተውኩት ለሳማ ነው?»

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅኩ። ማላኪም ጀርባውን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፊንታን ማን ነው?» አለ ጋሬት ከሳማው ውስጥ።

«ሎንግፎርድ ነው፣ ግድ የለም» አለች አትራክታ። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ፊት ለፊቱ የእኛ አይደለም አልክ። የማን ነው ታዲያ? ይህ ሁሉ አበባ የወጣው ለማን ነው?»

ጋሬት ግራ ገብቶት አያት። የማታውቅ አልመሰለውም ነበር።

«የሊናሞች ነዋ» አለ። «የእናንተ። ሊናሞች ድንጋይ ስላልነበራቸው ቤሲ በእኛው ድንጋይ ተጠግተው ይተኙ ብላ ፈቀደች። ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ኦነር ከእናቷ መቃብር ሳትነሣ ቀና ብላ የእኛን ታያለች፤ ቤሲ የለመነቻት ይህንኑ ነበር።»

 ከሐይቁ በኩል ዳክዬዎች ይጮኻሉ። ትንሿ ዊኒ የእናቷን እጅ ይዛ የቆመችበት ቦታ፣ ድንጋዩ የሰው፣ አፈሩ ግን የገዛ አያቶቿ ነበር። ስሙን እንጂ አፈሩን የነገራት አልነበረም። አትራክታ ጠፉ ስትል የኖረቻቸው ሰዎች፣ ዕድሜዋን በሙሉ አበባ ስትተክልላቸው ነበር የኖረችው!

አትራክታ ይህ ሁሉ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። መጀመሪያ አበባውን አየች። ከዚያ ጠጠሩን። ከዚያ የተቀመጠችበትን ድንጋይ፣ ከራስጌው ድንጋይ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚይዘውን ያህል ርቃ ያለችውን፣ ያልተጠረበችውን፣ ድሃ ለሙታኑ ግርጌ ከእርሻ አምጥቶ የሚተክላትን ዓይነት። ያ የታመመ ዳሌዋ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ብድግ አለች።

«በስመ አብ!» አለች። «በአያቴ እናት እግር ላይ ፔርሙዝ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ!»

«ቁጭም ስትይ» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ!»

ጋሬት ከሳማው ወጥቶ መጣ። ሱሪው አረንጓዴ ሆኗል፤ እጁ ተለብልቦ ቀልቷል። እጇን ያዘና፣ «ሊናሞችን በስም የማያውቅ ልጅ በቤታችን አልነበረም» አላት። አትራክታ አለቀሰች፤ ከዚያም ኪሷን ዳብሳ መሐረብ ስታጣ በእኔ ሻርፕ ተናፈጠች። ሲበቃት ወደ ማላኪ ዞረች።

«አንተ ምን ታያለህ? እሁድ ስንት ቀን ቀረው? ያን ሳማ ከሥሩ ንቀልልኝ!»

«የነዳጁን ማን ይችላል?»

«እኔ እችላለሁ» አለ ጋሬት። «የእኔ ሳማ ነው።»

ቅዳሜን ሙሉ ሠራን። ኢኔስ እጅጌዋን ጠቅልላ ሥር ስትነቅል ማላኪ ሥራውን ረስቶ ያያት ነበር። አትራክታ ከአበባዎቿ ግማሹን ነቅላ ለዳልተኖች ወገን ሰጠች። ጠጠሩ ላይ ግን ድርድር ሆነ፤ ጋሬት አይገባንም አለ፤ አትራክታ ይገባችኋል አለች፤ በኋላ እኔ ሌላ ጠጠር በመኪና አመጣሁና ነገሩ ተዘጋ።

እሁድ ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፤ እንደ ልማዱ። መኪናው በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሯል። ድምፅ ማጉያው ይንጫረራል፤ መቁጠሪያ ይቆጠራል፤ ሰው በየመቃብሩ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። እኔ ከእናቴ ዘንድ ሆኜ ዓይኔ ግን እነሱ ላይ ነበር። አትራክታ ከድንጋዩ ወዲህ፣ ጋሬትና ኢኔስ ከድንጋዩ ወዲያ። ድንጋዩ እስከ ደረታቸው ነው፤ እንደ ጎረቤት አጥር ተያይተው ቆሙ። ቄሳችን አባ ሾርታል ጠበላቸውን ይዘው ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አትራክታ፣ ዘንድሮ ከእነማን ጋር ነሽ?» አሏት።

«ከራሴ ሰዎች ጋር ነኝ፣ አባ» አለች። «እርስዎ ግን በሁለቱም በኩል ይርጩ። በዚያኛው ብዙ ውዝፍ አለብን።»

አባ ሾርታል ለሳማው ወገን ሳይሰስቱ አብዝተው ረጩ፤ የጋሬት ቆብ እንኳ ራሰ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ እነሱ ሄድኩ። አትራክታ ያቺን ድንጋይ እንዳትረግጥ አንድ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ ፔርሙዟን በእጇ እንደያዘች ቆማ ነበር። ኢኔስ በጣት በሚቆጠሩት የእንግሊዝኛ ቃላቷ ትጠይቃታለች።

«ከአንቺ በኋላ፣ እዚህ፣ ማን?» ወደ ሊናሞች እያመለከተች።

«ማንም» አለች አትራክታ። ደንግጣ አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱን ስትናገር ነው። «እንግዲህ የእናንተን ለእናንተ አስረከብኩ፤ ቃሉ ተፈጸመ። የእኔዎቹ ደግሞ ድንጋይም የላቸውም።»

ኢኔስ አባቷን አየች፤ በስፓኒሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይህ የሁለታችን ድንጋይ ነው፤ በእናንተ በኩል የሊናሞችን ስም እናስጽፋለን ትላለች» አለ ጋሬት። «ደግሞም እሷ ስትመጣ፣ በእኛ በኩል ቆማ ቀና ብላ የእናንተን ታያለች። ቤሲ ከኦነር የለመነችው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።»

«ስትመጣ?» አለች አትራክታ። «መቼ ልትመጣ?»

«በየዓመቱ አልችልም» አለች ኢኔስ ራሷ። «ግን እመጣለሁ። ማላኪ ሳማውን ያጭዳል፣ ነግሮኛል።»

ማላኪ ማጨጃው ጋ ሆኖ ጆሮው ቀልቶ ጎንበስ አለ። ነዳጅ አላቃጥልም ባዩ!

አትራክታ በጥቅምት ዳሌዋ ተቀየረ። አሁን ያለ ከዘራ ትሄዳለች፤ እኔን ቀድማኝ። የሊናሞች ስም ተቀርጿል፤ ዋንዳም ከኦሃዮ መጥታ አይታ አልቅሳ ሄዳለች። ፊንታን ወሬውን ሰምቶ በከብት ገበያው አገኛትና፣ «እኔን የተውሽው ለገዛ ቅድመ አያትሽ ከሆነ ይቅር ብዬሻለሁ» ብሏታል። «ለሳማ ቢሆንም አልቆጭም ነበር» አለችው።

ያን እሁድ ግን፣ መንደሩ ወደ አዳራሹ ለሻይ ሲጎርፍ፣ አትራክታ ከድንጋዩ ፊት ገና እንደቆመች ነበር። ፔርሙዙ ከብዷት ክንዷ ደንዝዟል፤ የምታስቀምጥበት ግን አጣች፤ የድሮው ቦታ የሰው እግር ሆኗል። ጋሬት አይቷት እጁን በድንጋዩ አናት ላይ ዘረጋ።

«ወዲህ በይው» አላት። «በእኛ በኩል ሰፊ ነው።»

እሷም በድንጋዩ አናት ላይ አሻግራ ሰጠችው፤ እሱም ከዳልተኖች ወገን፣ ሳማ ከነበረበት፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠላት። ሻዩን እዚያው ተካፈሉት፤ ሳንድዊቹን እኔ አመጣሁላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፔርሙዙ የሚቀመጠው እዚያ ነው።